ቀጭ ቀጭ የሚለው የፊት እግር

ባለፈው የጥቅምት ወር ለሥራ ጉዳይ ወደ መንዝ በተጓዝንበት ጊዜ፥ የተሳፈርንባት ላንድ ክሩዘር መሪዋ እስከ ዳር በተጠመዘዘ ቁጥር ከቀኝ የፊት እግሯ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ታሰማ ነበር። ሾፌራችን ይህንኑ ከመነሣታችን በፊት ሦስት ጊዜ ነግረውናል። እኛ ግን የጥገናውን መጠየቂያ ወረቀት «ለሚቀጥለው ሩብ ዓመት ይቆይ» ብለን ፈርመን መልሰነዋል። ጆሮው የእርሳቸው፥ ብዕሩ ግን የእኛ ነበርና።

ከዳገቱ ወገብ ላይ፥ ጭቃው ስለ በረታ የፊቱም እግር እንዲስብ ተደርጎ ስንወጣ፥ ከሥራችን አንድ ነገር እንደ ደረቅ እንጨት ተሰበረ። ሾፌሩ ወርደው የሁለቱን የፊት ጎማዎች መቆለፊያ አላቀቁና በኋላ እግር ብቻ ቀስ ብለው ወደ ኋላ አወረዱን። «ልጄ፥ ስብርባሪው ተሰንቅሮ መሪውን ቢይዘው ኖሮ ገደሉ በስተግራችን ነበር» አሉን። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ከሁለት ቀን በኋላ ከአንድ ጋራዥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ጥገናውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተመለከትን።

የፊት እግር ሁለት ሥራ አለበት፤ ይኸውም መሳብና መዞር ነው። ስለዚህ ኀይል የሚያመጣው ዘንግ እየተሽከረከረ መታጠፍም ይኖርበታል። የተለመደው ክሮቸራ ታጥፎ ሲሠራ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፥ ሁለት ጊዜ ይዘገያል፤ መሪ የያዘውም እጅ መንቀጥቀጡን ይቀምሰዋል። አልፍሬድ ርዜፓ የተባለ የፎርድ ኩባንያ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1926 ያወጣው መገጣጠሚያ ግን ስድስት የብረት ኳሶችን በቦይ ውስጥ ያስኬዳል። ኳሶቹ ምንጊዜም የማዕዘኑን እኩሌታ ይዘው ስለሚቀመጡ የሰጪውና የተቀባዩ ዘንግ ፍጥነት እኩል ይሆናል። በላንድ ክሩዘር የፊት አክስል ውስጥ ያለው፥ በርፊልድ የሚባለው መገጣጠሚያ የዚሁ ዘር ነው።

መካኒኩ የእኛ እኩያ የሆነ ወጣት ነው። መኪናዋን በክሪክ አንሥቶ አክስሏን በቋሚ ብረት ላይ አሳረፈ፤ በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር እጁን አያስገባም። ጎማውን አወለቀ፤ የፍሬኑን ካሊፐር ፈትቶ በቱቦው እንዳይንጠለጠል በሽቦ አሰረው። የሞዞውን ትልልቅ ዳዶዎች፥ በመካከላቸው ጆሮው የታጠፈ ሮንዴላ ያለባቸውን፥ በ54 ሚሊ ሜትር መፍቻ ፈታቸው። በብዙ ቦታ ይህ የሚሠራው በመሮና በመዶሻ ነው፤ የዳዶው ጠርዝ ተበልቶ የምናየውም ከዚህ የተነሣ ነው። (ዳዶ፥ ሮንዴላ፥ ሞዞ ሁሉም ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው። በትምህርት ቤት የተማርነው እንግሊዝኛ በዚያ ጋራዥ ምንም አልረዳንም።)

የመገጣጠሚያው ጠፍጣፋ ጎን ወደ ላይ እንዲሆን አዙሮ ዘንጉን ሲስበው ተከትሎ የፈሰሰው ግራሶ አልነበረም፤ እንደ ሾርባ የቀጠነ ጥቁር ፈሳሽ ነበር። የበሽታው ሁሉ መነሻ እዚህ ነው። በዘንጉ ዙሪያ ያለችው ፓራኦሊዮ ስታረጅ የዲፈረንሻሉ ዘይት አልፏት ወደ መገጣጠሚያው ቤት ይገባል፤ ግራሶውን ያቀጥነዋል፤ ቀጭን ግራሶም ኳሱን መሸከም ስለማይችል ብረት ብረትን ይበላል። «ወንድሜ፥ መገጣጠሚያው የሞተው በዚህች ጦስ ነው» ብሎ ያረጀችውን ቀለበት በመዳፋችን ላይ አኖራት። ከጣታችን ስፋት የማትበልጥ ውፍረት ያላት፥ በጎማ የተለበጠች ቀለበት ናት። ዋጋዋን ከአዲሱ መገጣጠሚያ ዋጋ ጋር አስተያየነውና ያን «ይቆይ» የሚል ጽሕፈታችንን አስታወስን።

የቀረው ሥራ ትዕግሥት ነበር። ቤቱን ታጥቦ ስብርባሪ እስኪጠፋ ድረስ ጠረገው፤ አዲሲቱን ፓራኦሊዮ አስገባ፤ አዲሱን መገጣጠሚያ በዘንጉ ላይ አጥብቆ፥ የዘንጉ ክብደት በፓራኦሊዮዋ ከንፈር ላይ እንዳያርፍ በሁለት እጁ ተሸክሞ፥ ጥርሱ ከዲፈረንሻሉ ጥርስ ጋር እስኪገናኝ ጥቂት በጥቂት አዞረው። ቤቱንም ሞሊብዲነም ያለበት ጥቁር ግራሶ ሦስት አራተኛ ድረስ ሞላው። የሞዞውን ኩሺኔታ ሲያጠብቅ በእጁ ስሜት ብቻ አልተማመነም፤ በሚንጠለጠል ሚዛን ስቦ ለካው።

ወደ ማታ ሾፌራችን መስኮቱን ከፍተው፥ መሪውን በቀኝም በግራም እስከ ዳር ጠምዝዘው፥ ግቢውን እያዳመጡ ዞሩት። ቀኙ ጸጥ አለ። ወርደውም «የግራው ፓራኦሊዮ ማላብ ጀምሯል» ብለው ወረቀት አቀረቡልን። በጉልበታችን ላይ አድርገን ፈረምነው።