የቴፕ ድምፅ ወደ ቁጥር ሲለወጥ፦ የመለወጫ መሣሪያ አተካከልና ልኬት
(በአሶሳ ለሕዝብ ከቀረበ ገለጻ የተገለበጠ)



ዛሬ የምናገረው ስለ አንዲት ትንሽ ሣጥን ነው። ከቴፕ ማጫወቻ የሚወጣውን የኤሌክትሪክ ሞገድ ተቀብላ ወደ ቁጥር የምትለውጥ መሣሪያ ናት። የክልላችን የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የማኦና የኮሞ ሕዝቦች ዜማና ትረካ በካሴት ተቀድቶ በየመደርደሪያው ይገኛል። ወደ ኮምፒውተር የሚሸጋገረው በዚህች ሣጥን በኩል ስለሆነ፣ እርሷ ከተሳሳተች ስሕተቱ ለዘለቄታው ይቀመጣል።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ከዓመታት በፊት በአደራ የተሰጠኝን የዙምባራ ካሴት ገለበጥሁ። እንደምታውቁት ዙምባራ ከቅል ክፍሎች ተቀጣጥሎ የሚሠራ ረጅም የትንፋሽ መሣሪያ ነው፤ እያንዳንዱ ነፊ የሚያወጣው አንድ ቃና ሲሆን ዜማው የሚሟላው ሁሉም ተራቸውን ጠብቀው ሲነፉ ነው። ማጫወቻው የሙያ ደረጃ የሆነውን 1.228 ቮልት ሲያወጣ፣ የመለወጫዬ መምረጫ ግን ለቤት ዕቃ በተመደበው 0.316 ቮልት ላይ ነበር። ልዩነቱ አራት እጥፍ ገደማ፣ ማለትም ወደ 12 ዴሲቤል ነው። ጎላ ያሉት ድምፆች ከዲጂታሉ ጣሪያ ጋር ተጋጭተው ተቆረጡ፤ መቆረጡ የፈጠረው ሰው ሠራሽ ጩኸትም ለስላሶቹን ሸፈነ። ቅጂውን ያዳመጠ የአንድ ነፊ ልጅ «መምህር፣ የአባቴ ድምፅ የት ገባ?» ሲል ጠየቀኝ። ካሴቱን እንደገና ለመገልበጥ ስንሞክር ተበጠሰ፤ የጠፋው ክፍልም አልተመለሰም።

እንግዲህ ትክክለኛው አሠራር ምንድን ነው? በመጀመሪያ መሣሪያዎቹ ሁሉ ተከፍተው ግማሽ ሰዓት ያህል ይሙቁ፤ ሙቀታቸው ሳይረጋ የተወሰደ ልኬት ሊንሸራተት ይችላል። ቀጥሎ መለወጫው በሰከንድ 96,000 ናሙና እንዲወስድና እያንዳንዱን በ24 ቢት እንዲመዘግብ ይደረጋል። በዚህ መጠን አንድ ሰዓት ስቴሪዮ ድምፅ 2 ጊጋባይት ያህል ቦታ ይይዛል። ከአንድ በላይ ዲጂታል መሣሪያ ከተያያዘ ጊዜ ቆጣሪው አንዱ ብቻ ይሁን፤ ሌሎቹ እርሱን ይከተሉ። ሁለት ቆጣሪ ካለ በድምፁ ውስጥ ጠቅታ ይሰማል።

ከዚያ ዋናው ልኬት ይመጣል። ከድምፅ አመንጪ የ1,000 ኸርዝ ንጹሕ ቃና እንልካለን። በመለወጫው መግቢያ ላይ 1.228 ቮልት መድረሱን በመልቲሜትር እናረጋግጣለን። እዚህ ላይ አደራ የምለው፣ ለ50 ኸርዝ የመብራት ኃይል የተሠራ ርካሽ መልቲሜትር በ1,000 ኸርዝ ላይ ሊዋሽ ይችላል፤ የሚያስተማምነው በዚህ ድግግሞሽ ላይ በትክክል እንደሚለካ የተረጋገጠው ነው። ንባቡ ከጣሪያው በታች 20 ዴሲቤል እስኪሆን ድረስ ማስተካከያውን በቀስታ እናዞራለን። 20 ዴሲቤል በቮልት አሥር እጥፍ ስለሆነ፣ ድንገት ለሚጎላ ድምፅ በቂ ቦታ ይተርፋል። ግራና ቀኙም ከ0.1 ዴሲቤል በላይ መለያየት የለባቸውም።

«ይህን ያህል ዝቅ ካልን ጥራት አይጎድልም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። አይጎድልም። እያንዳንዱ ቢት 6 ዴሲቤል ያህል ስፋት ይሰጣል፤ ከ24ቱ ሦስት ተኩል ያህሉን ለጥንቃቄ ብንተው እንኳ ሃያ ይቀራሉ። ተራ ካሴት ግን በድምፁና በራሱ ሹክሹክታ መካከል ያለው ርቀት ከ60 ዴሲቤል እምብዛም አያልፍም።

የመጨረሻው ፈተና ዝምታ ነው። ማጫወቻው ተከፍቶ ካሴቱ ሳይዞር አንድ ደቂቃ እንቀዳለን። 50 ወይም 100 ኸርዝ ላይ እምታ ከታየ መብራቱ ወደ ድምፁ ገብቷል ማለት ነው። ይህ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። የበርታና የጉሙዝ ቋንቋዎች የድምፅ ከፍታና ዝቅታ ትርጉም የሚለይባቸው ናቸው፤ የወንድ ድምፅ ደግሞ ብዙ ጊዜ በ100 ኸርዝ አካባቢ ይንቀሳቀሳል። እምታው የቋንቋ አጥኚው ሊለካው የሚፈልገውን መሥመር ያደበዝዝበታል። መፍትሔው ሁሉንም መሣሪያ ከአንድ ሶኬት መስመር ማገናኘት፣ የድምፅ ገመዱን ከመብራት ገመድ ማራቅና ባላንስድ ገመድ መጠቀም ነው። የግራውንዱን ሽቦ መቁረጥ ግን የሰው ሕይወት የሚያጠፋ ነውና ፈጽሞ አይደረግም።

ቃናውንና የዝምታውን ቅጂ ከነቀኑ ከዋናው ቅጂ ጋር አስቀምጡ፤ ከእናንተ በኋላ የሚመጣ አጥኚ የሰማው ነገር የነፊው ይሁን የመሣሪያው የሚለየው በእርሱ ነው። በቤታችሁ አሮጌ ካሴት ያላችሁም እባካችሁ እየደጋገማችሁ አታጫውቱት። ይዛችሁ ኑ፤ መሣሪያውን ከለካን በኋላ በአንድ ጊዜ እንገለብጠዋለን።