የድባቴ መጠይቅ፦ ዘጠኙ ጥያቄዎች ለምን ይጠየቃሉ?

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በምዕራብ ጎጃም ገጠር ቀበሌዎች ወደ ጤና ተቋም የሚመጣ ተገልጋይ «ድባቴ ይዞኛል» ብሎ ሕመሙን የሚያስረዳው እምብዛም ነው። የሚናገረው ስለ ራስ ምታት፣ ስለ ልብ ምት መፍጠን፣ ስለ እንቅልፍ ማጣት ወይም ስለ ድካም ነው። በዚህ ምክንያት የሕመም ማስታገሻ ብቻ ተሰጥቶት ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል።

ይህን ክፍተት ለመሙላት በዓለም ዙሪያ ከሚያገለግሉ መለኪያዎች አንዱ ዘጠኝ ጥያቄ ያለው የታካሚ ጤና መጠይቅ ነው። መጠይቁ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይመለከታል፤ እያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 3፣ ድምሩም ከ0 እስከ 27 ነጥብ ይይዛል።

ይሁን እንጂ በሌላ አገር የተበጀ መለኪያ እንዳለ አይወሰድም። በአዲስ አበባ በተደረገ ጥናት ተስማሚ ሆኖ የተገኘው መነሻ 10 ነጥብ ሲሆን በቡታጅራ አካባቢ ጤና ጣቢያዎች ግን 5 ነጥብ ነበር። በገጠር በ10 ብቻ ቢሠራ ብዙ ሕሙማን ሳይታወቁ ይቀሩ ነበር ማለት ነው።

ነጥቡ ብቻውን ምርመራ አይደለም። በበቆሎ ምርት መሰብሰቢያ ወቅት የሚደክም አርሶ አደር ሕመምተኛ ላይሆን ይችላል። በዐቢይ ጾም እህል የቀነሰ ሰውም «የምግብ ፍላጎት ጠፍቶበታል» አይባልም። ስለዚህ ባለሙያው ከጥያቄው ጎን ለጎን ምክንያቱን መጠየቅ ይኖርበታል፤ ተገልጋዩም ይህን ሳይጠየቅ ቢያስረዳ መልካም ነው።

መጠይቁ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው በየቀጠሮው ሲደገም ነው። በመጀመሪያ 18 ነጥብ የነበረው ተገልጋይ ከሳምንታት የምክር አገልግሎት በኋላ ወደ 9 ቢወርድ ሕክምናው እየሠራ ነው፤ 17 ላይ ከቆየ ግን የሕክምናውን መንገድ መለወጥ ወይም ወደ ከፍተኛ ተቋም መላክ ያስፈልጋል። ባለሙያውን ላለማሳዘን ብሎ «ደህና ነኝ» ማለት ይህን ዕድል ያሳጣል።

ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞት ማሰብና ራስን ስለ መጉዳት ነው። ማንበብ ለማይችል ሰው ጥያቄዎቹ በቃል ስለሚቀርቡ፣ ተገልጋዩ ከቤተሰብ ተለይቶ በተዘጋ ክፍል እንዲመልስ መጠየቅ ይችላል። መልሱ «አዎ» ከሆነ፣ ድምሩ ዝቅተኛ ቢሆንም እንኳ፣ በዚያው ዕለት ከባለሙያ ጋር መነጋገር ይገባል።