ኢንት32 ወይስ ኤስኢንት32? የዓይነት ስም ባይቶቹን እንዴት ይቀይራል

ብዙዎቻችን የዳታ ዓይነት ስንመርጥ የምናስበው ስለ ፕሮግራማችን ብቻ ነው። ቁጥር ከሆነ ኢንት፣ ጽሑፍ ከሆነ ስትሪንግ እንላለን፤ ኮምፓይለሩ ካልተቆጣ እናልፋለን። ሁለት መሣሪያዎች በኔትወርክ ሲነጋገሩ ግን ያ ስም ሌላም ሥራ አለው፦ የሚላኩትን ባይቶች ይወስናል። ጎግል በ2008 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የለቀቀው ፕሮቶኮል በፈርስ፣ በአጭሩ ፕሮቶበፍ፣ ይህን በደንብ ያሳያል።

የክትባት ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለ ሴንሰር የሙቀት መጠኑን ወደ ሰርቨር ይልካል እንበል። ብዙ ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት መቀመጥ አለባቸው፤ እንደ ሄፓታይተስ ቢ ያሉት ደግሞ አንዴ በረዶ ከሠሩ ይበላሻሉ። በመልእክቱ መግለጫ ፋይል ላይ የምንጽፈው አንድ መስመር ነው፦

ኢንት32 ሙቀት = 1;

ሙቀቱ 5 ሲሆን የሚላኩት 2 ባይቶች ናቸው፦ 8 እና 5። 8 የመጣው ከመስኩ ቁጥር ነው። 1ን በ3 ቢት ወደ ግራ ገፍተን፣ በተለቀቁት 3 ቢቶች ላይ የአላላክ ዓይነቱን እንጨምራለን፤ እሱም እዚህ 0 ነው፣ ማለትም «ርዝመቱ የሚለዋወጥ ቁጥር»። ልብ በሉ፣ «ሙቀት» የሚለው ስምም «ኢንት32» የሚለው ዓይነትም አልተላኩም። ሁለቱም ወገኖች መግለጫውን አስቀድመው እንደሚያውቁ ታምኖ ነው ነገሩ የሚሠራው።

አሁን ማቀዝቀዣው ወደ −1 ይውረድ። ስንት ባይት ትጠብቃላችሁ? 11 ነው። ኢንት32 አሉታዊ ቁጥርን መጀመሪያ ወደ 64 ቢት ይዘረጋዋል (መስኩ ወደፊት ኢንት64 ቢሆን የድሮው መልእክት እንዲነበብ ተብሎ)። አንድ ባይት ደግሞ የሚሸከመው 7 ቢት ብቻ ነው፤ 8ኛዋ ቢት «ገና አልጨረስኩም» ለማለት ተይዛለች። ስለዚህ 64 ቢት 10 ባይት ይፈጃል፣ ከመስኩ ባይት ጋር 11።

ኤስኢንት32 ብንለው ኖሮ 2 ባይት ይበቃ ነበር። እሱ ዚግዛግ የሚባል አቆጣጠር ይጠቀማል፦ 0ን በ0፣ −1ን በ1፣ 1ን በ2፣ −2ን በ3፣ 2ን በ4 እያለ ይቀጥላል። (ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ከ268,435,456 የሚበልጥ ከሆነ ሁሌም 4 ባይት የሚወስደው ፊክስድ32 ይሻላል፤ ለሙቀት ግን አያስፈልግም።)

መረጃ በሲም ካርድ ለሚልክ መሣሪያ ይህ ቁጠባ ያጓጓል። ታዲያ አንዱ ዓይነቱን ሴንሰሩ ላይ ብቻ ቢቀይረውስ? የሁለቱም የአላላክ ዓይነት 0 ስለሆነ ሰርቨሩ ምንም ስህተት አያይም። ሴንሰሩ −3 ዲግሪ ይለካል፤ በዚግዛግ 5 አድርጎ ይልከዋል፤ ሰርቨሩም ኢንት32 ነው ብሎ 5 ያነባል። ክትባቱ በረዶ እየሠራ ስክሪኑ ላይ በ2 እና በ8 መካከል ያለ ያማረ ቁጥር ይታያል። −2 ደግሞ 3፣ −4 ደግሞ 7 ይሆናሉ። ለእኔ ፕሮግራሙን ቀጥ አድርጎ ከሚያቆም ስህተት ይህ እጅግ ይከፋል። መፍትሔው አዲስ መስክ በአዲስ ቁጥር መክፈትና ቁጥር 1 ዳግም እንዳይሠራበት ማገድ ነው።

በነገራችን ላይ፣ በፕሮቶበፍ 3ኛ ስሪት 0 ዲግሪ ጭራሽ አይላክም። መስኩን «ኦፕሽናል» ካላልነው በቀር «0 ነው» እና «አልተለካም» አይለዩም።

ጽሑፍ ላይም የዓይነቱ ስም ለውጥ አለው። «ሰላም» 3 ፊደል ቢሆንም በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ በመልእክቱ ውስጥ ርዝመቱ 9 ተብሎ ይጻፋል። ጽሑፍን 8ኛው ባይት ላይ የሚቆርጥ ኮድ «ም»ን ይሰነጥቃታል። መስኩ ባይትስ ከተባለ ስባሪው ዝም ብሎ ያልፋል፤ ስትሪንግ ግን ትክክለኛ ዩቲኤፍ-8 ይጠይቃል።

በ4ጂ ስልካችንና በአንቴናው መካከል የሚመላለሱት የቁጥጥር መልእክቶች ደግሞ ከዚህም ይቆጥባሉ። የሚገለጹት በኤኤስኤን.1 ሲሆን፣ እዚያ ዓይነቱ ላይ ወሰን መጻፍ ይቻላል፦ ኢንቲጀር (−40..60)። 101 ዕድል ብቻ ስላለ 7 ቢት ይበቃል። 5 ዲግሪ ከ−40 ያለው ርቀት 45 ነው፣ የሚላከውም 0101101። አንዱ ወገን የታችኛውን ወሰን −30 ብሎ ቢያስተካክለው፣ ያው 7 ቢት 15 ዲግሪ ሆኖ ይነበባል። የላይኛውን ወደ 90 ካሳደገው ደግሞ ዕድሉ 131 ሆኖ 8 ቢት ይጠይቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው መስክ ሁሉ በአንድ ቢት ተንሸራትቶ ይነበባል።