ድመቱና አይጡ መናገር ከጀመሩ ወዲህ

የድመትና የአይጥ ጠብ ለሀገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ሁለት ጎረቤታሞች ሳይስማሙ ሲኖሩ «እንደ ድመትና አይጥ» ይባላሉ፤ ጎተራ ያለው ሰው ሁሉ ደግሞ ነገሩን ከምሳሌው ይልቅ በቤቱ ያውቀዋል። ስለዚህ በአሜሪካን ሀገር የተሠሩት ቶምና ጄሪ፥ ካርቱን በሚባለው የሥዕል ፊልም አማካይነት ወደ ባሌ ደጋ በመጡ ጊዜ አስተዋዋቂ አላስፈለጋቸውም። ዛሬ አንባቢዎቻችንን ለማጫወት የፈለግነው ስለነዚሁ ሁለት ባላንጣዎች ነው። የምንጽፈውም እንደ ሊቅ ሳይሆን ከልጅነታችን ጀምሮ እንደምንወዳቸው ተመልካቾች ሲሆን፥ መውደዳችን ግን ቅሬታችንን ከመናገር አያግደንም። ዓመታቱን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ነገሩ የተጀመረው በ1940፥ ሀገራችን ገና ከፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ነጻ ባልወጣችበት ዘመን ነው። በሜትሮ ጎልድዊን ሜየር ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ዊልያም ሐናና ጆሴፍ ባርቤራ የመጀመሪያውን አጭር ፊልም አወጡ። በዚያ ፊልም ድመቱ ገና ቶም አልተባለም፤ ስሙ ጃስፐር ነበር። አንድ ዕቃ ጨምሮ ቢሰብር ከቤት እንደሚባረር ተነግሮታል፤ አይጡም ይህን ዐውቆ ብርጭቆውን ሊጥል ያስፈራራዋል። እስከ 1958 ድረስ 114 ፊልሞች ወጡ፤ ከነዚህም ሰባቱ ኦስካር የተባለውን ታላቅ ሽልማት አገኙ።

ፊልሞቹን ታላቅ ያደረጋቸው በእኛ አስተያየት ዝምታቸው ነው። ድመቱና አይጡ ከስንት አንዴ ካልሆነ በቀር አይናገሩም፤ የሚናገርላቸው የስኮት ብራድሌይ ሙዚቃ ነው። አይጡ በጣቱ ጫፍ ሲራመድ ሙዚቃው አብሮት ይራመዳል፤ ድመቱ ከደረጃ ላይ ሲንከባለል ሙዚቃውም አብሮት ይንከባለላል። ያ የታወቀው የቶም ጩኸት ደግሞ የራሱ የዊልያም ሐና ድምፅ ነው።

የዚህ ዝምታ ጥቅም በጎባና በሮቤ ላለ ሰው ይበልጥ ይገባዋል። ሁለቱ ከተሞች የሚራራቁት አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በገበያቸው፥ በሻይ ቤታቸው፥ ብዙ ጊዜም ባንድ ቤት ውስጥ አማርኛና አፋን ኦሮሞ ጎን ለጎን ይነገራሉ። አያት ባንዱ ቋንቋ ሲያጫውቱ የልጅ ልጅ በሌላው ይመልሳል። ድራማ ሲታይ ከተቀመጡት መካከል አንዱ ለሌላው ማስተርጎም አለበት፤ አስተርጓሚው ተናግሮ እስኪጨርስ ግን ቀልዱ አልፏል። መጥበሻው የቶም ፊት ላይ ሲያርፍ ማንም ማንንም አይጠብቅም። ገብሳቸውን ሸጠው ሻይ ሊጠጡ የገቡ ሽማግሌና የአንደኛ ክፍል ተማሪ እኩል ይስቃሉ። ይህን በጎባ ሻይ ቤቶች ደጋግመን አይተናል።

የባሌ ሰው እነዚህን ፊልሞች የሚያይበት ሌላም ዓይን አለው። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ በሚያቋርጠው በሳነቴ አምባ ላይ፥ 4,000 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ብርድ ውስጥ፥ ይኸው ጨዋታ በየቀኑ ያለ ሙዚቃ ይታያል። በአፋን ኦሮሞ ጀዳላ ፈርዳ የሚባለው ቀይ ቀበሮ፥ ከባሌ በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኘውን ትልቁን ፍልፈል ያድናል። ፍልፈሉ አንድ ኪሎ ያህል ሊመዝን ይችላል። ግማሽ አካሉን ብቻ ከጉድጓዱ ብቅ አድርጎ በዙሪያው ያለውን ሣር ይነጫል፤ ኮሽታ በሰማ ጊዜም ዞር ሳይል ወደ ኋላው ሸርተት ብሎ ይገባል። ቀበሮው ሆዱን ከመሬት አስጠግቶ፥ ጆሮውን አቁሞ ይጠብቃል። ጠብቆ ጠብቆ ሲዘል አፈር ብቻ የሚያፍስበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ቀና ብሎ ዙሪያውን ሲመለከት ቁርጥ ቶምን ነው። ይሁን እንጂ ቀበሮው ካልያዘ ግልገሎቹ ይራባሉ፥ ፍልፈሉም ካልሸሸ ይበላል። ማሳደዱ ቀልድ የሚሆነው ለተመልካቹ ብቻ ነው። የድሮዎቹ ፊልሞች ይህን ያውቁ ነበር፤ ለዚህም ነው ጃስፐር ስለ ብርጭቆው ያን ያህል የሚጨነቀው።

ተከታዮቹ ግን ይህን ረሱ። በ1961 እና በ1962 ጂን ዳይች በፕራግ ከተማ 13 ፊልሞች ሠራ፤ ገንዘቡ ጥቂት ስለ ነበረ ሥዕሉ ይንቀጠቀጣል፥ ድምፁም ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። ከ1963 እስከ 1967 ቻክ ጆንስ 34 ጨመረ። የእርሱ ሥዕል ውብ ነው፤ ነገር ግን ከሚያስቀን ይልቅ የሚያስደንቀን ይበዛል። ከሁሉ የከፋው የ1975ቱ የቴሌቪዥን ዝግጅት ነው። በዚያን ዘመን በአሜሪካን ሀገር የሕፃናት ፕሮግራም ድብድብ እንዳያሳይ ተቆጣጣሪው በዝቶ ስለ ነበር፥ ቶምና ጄሪ ባልንጀሮች ተደርገው አብረው ስፖርት የሚጫወቱና ሀገር የሚጎበኙ ሆኑ። አበው «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ብለዋል፤ ይህኛው ድመት ግን መንኩሶ ዓመሉን ጨርሶ ረሳ። የወላጆች ሥጋት እንደሚገባን እንናገራለን። ልጅ መጥበሻ አንሥቶ ታናሹን ቢመታ ማን ይወዳል? ነገር ግን ጠቡን አውጥቶ ሁለቱን እንስሳት ማስቀረት፥ ወጡን ደፍቶ ድስቱን እንደ ማቅረብ ነው።

በ1992 ደግሞ ረጅም ፊልም ወጣ፤ በዚህኛው ቶምና ጄሪ ይናገራሉ፥ ይዘፍናሉም። በእንግሊዝኛ መሆኑ ነው። ባንድ ቪዲዮ ቤት ሲታይ የሰማነው ሳቅ ሳይሆን «ምን አለ?» የሚል ጥያቄ ነበር። እንግሊዝኛ ያወቀ ለብቻው ፈገግ አለ፤ ሌላው አስተርጓሚ ፈለገ። ንግግርን ጠልተን አይደለም። በ2005 በሀገራችን ቴሌቪዥን የጀመረችው ቀጭኔ አሻንጉሊት፥ «ፀሐይ መማር ትወዳለች»፥ ማስተማር ሥራዋ ስለ ሆነ መናገር ይገባታል። እርሷም በመጀመሪያ የተናገረችው በአማርኛ ነበር፤ በአፋን ኦሮሞና በሌሎች ቋንቋዎች የተዘጋጀችው ቆይታ ነው። ቶምና ጄሪ ግን ማንንም ሳያስጠብቁ መጥተው ነበር።

ይሁን እንጂ የድሮዎቹን ብቻ አመስግነን ብናልፍ እውነቱን መደበቅ ይሆንብናል። በነዚያ በምንወዳቸው ፊልሞች ውስጥ ጥቁሮችን የሚያዋርድ ነገር አለ። ቦምብ ሲፈነዳ ፊት በጥላሸት ይጠቁርና ከንፈር ይወፍራል፥ ፀጉርም ይጎነጎናል፤ ይህም የጥቁርን ሰው መልክ መሳለቂያ ለማድረግ የታሰበ ነው። እግሯና መጥረጊያዋ እንጂ ፊቷ የማይታይ ጥቁር የቤት ሠራተኛም አለች፤ ድምፅዋ የሊሊያን ራንዶልፍ ነው። ጥቁር አሜሪካውያን ቅሬታቸውን ካሰሙ በኋላ፥ በ1952 ይህች ሴት ከፊልሞቹ ወጣች። በ1960ዎቹ ደግሞ ለቴሌቪዥን ሲባል በድሮዎቹ ላይ በነጭ ሴት ሥዕል ተተካች፤ ሠራተኛዋ ከስድቡ ጋር አብራ ተባረረች ማለት ነው። በ2014 አማዞን የተባለው ድርጅት ፊልሞቹ የዘር ንቀት እንዳለባቸው የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ አኖረባቸው።

የጎባ ሕፃን በቶም ፊት ላይ የሚያየው የምድጃ ጥላሸት ነው፤ ስለዚያ ሀገር ታሪክ የነገረው የለም። ታላቁ ግን ያውቃል፤ ሳቁም እጉሮሮው ላይ ይቆማል። እኛ ከመቁረጡ ማስጠንቀቂያውን እንመርጣለን፤ ከተቆረጠ ስድቡን የሣሉት ሰዎች እንዳልሣሉ ሆነው ይቀራሉና። ልጁ «ይህ ለምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ ሲጠይቅም አጠገቡ ተቀምጦ የሚመልስለት ሰው ቢኖር ይሻላል።

ከ2006 ወዲህ ሌሎች ብዙ ተከታዮች ወጥተዋል፤ በ2021 ከሕያዋን ተዋንያን ጋር የተቀላቀለ ረጅም ፊልምም ታይቷል። ዛሬ በሮቤ ልጆች በስልክ ሲያዩ የቱ ቀደመ የቱ ተከተለ አይሉም፤ ያስቃቸው እንደ ሆነ ይስቃሉ፥ ካልሆነ በጣታቸው ገፍተው ያልፉታል። በዚህ እንቀናባቸዋለን። ለእኛ ከተከታዮቹ ሁሉ ልባችን የገባው አንድ ብቻ ነው። በ2005 ጆሴፍ ባርቤራ በ94 ዓመቱ ተመልሶ ዘጠኝ ደቂቃ እንኳ የማይሞላ፥ አይጡ ካራቴ የሚማርበት ፊልም በጋራ ሠራ። ባልንጀራው ሐና በ2001 ሞቶ ነበር፤ እርሱም በማግሥቱ ዓመት ተከተለው። በዚያ ፊልም ድመቱ እንደ ጥንቱ ያሳድዳል፥ አይጡም እንደ ጥንቱ ያመልጣል።