ስለ ማግኒዚየም፣ በጥቁር ደንጊያና በከበረ ዕንቍ ውስጥ

ማግኒዚየም ከብረታ ብረት ወገን የሆነ፣ ነጭና ቀላል ነገር ነው። ለብቻው በምድር ውስጥ አይገኝም፤ ከሌሎች ነገሮች ጋራ ተዋሕዶ በደንጊያ ውስጥ ይኖራል።

በቤቴልና በሌሎችም የአዲስ አበባ ሰፈሮች የቤት መሠረት የሚጣልበት ጥቁር ደንጊያ ባዛልት ይባላል። ይኸውም ከእሳተ ገሞራ ፈሶ የረጋ ሲሆን ማግኒዚየም አለበት። ማግኒዚየም ከብረት፣ ከሲሊኮንና ከኦክሲጅን ጋራ ሲዋሐድ ኦሊቪን የተባለ አረንጓዴ ማዕድን ይሆናል። የኦሊቪን ቅንጣት በባዛልት ውስጥ ብዙ ጊዜ ደቃቅ ነው፤ ጥርት ብሎ ሲተልቅ ግን ፔሪዶት የሚባል የከበረ ዕንቍ ነው። በቦረና፣ በሜጋ አካባቢ፣ የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ ኦሊቪንን ከምድር ጥልቅ ይዞ ወጥቷል። ይኸው ማግኒዚየም ከሲሊካና ከውኃ ጋራ ሲዋሐድ ደግሞ በጥፍር የሚጫር ታልክ ይሆናል።

ስለዚህ ዕንቍን በመልኩ ብቻ መለየት አይገባም። የፔሪዶት ጥንካሬ በሞስ መለኪያ ከ6.5 እስከ 7 ነው፤ የመስተዋት ግን 5.5 ያህል ነው። አረንጓዴ የጠርሙስ ስባሪ ዕንቍ ነው ተብሎ ሲቀርብ በመስተዋት ላይ ይፈተን፤ መስተዋቱን የማይጭር ፔሪዶት አይደለም። የሚጭር ሁሉ ግን ፔሪዶት አይደለምና፣ ከመግዛት አስቀድሞ ዐዋቂን መጠየቅ ይገባል። መምህራን ይህን ለተማሮች፣ ሽማግሎችም ለጎረቤት ቢያስረዱ፣ ብዙ ሰው ገንዘቡን በከንቱ ከማጥፋት ይድናል።