ስለ እንግሊዝኛ ተሻጋሪና የማይሻገር ግስ

ልጆቻቸውን ማታ ማታ እንግሊዝኛ የሚያስጠኑ ወላጆች ይህን ቢያስተውሉ መልካም ነው። በአማርኛ «ከፈተ» ያልነውን «ተ» ስንጨምርበት በሩ «ተከፈተ» ይሆናል። እንግሊዝኛ ግን «ኦፕን» የሚለውን አንዱን ቃል ለከፋቹም ለበሩም ይሰጣል፤ የሚለየው ተሳቢ መኖሩና አለመኖሩ ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚያስቸግረው «ላይ» (የእኛ «ላይ» አይደለም) እና «ሌይ» ነው። የፊተኛው መጋደም፥ የኋለኛው ማጋደም ነው። ነገር ግን የፊተኛው ኃላፊ ጊዜ ራሱ «ሌይ» ይባላል፤ የኋለኛው ኃላፊ «ሌይድ» ነው። እንግሊዞች እንኳ በንግግራቸው ሲያደባልቋቸው ይሰማሉና፥ ሕፃኑን ስለዚህ መገሠጽ ያለ ፍርድ መቅጣት ይመስለኛል። ይልቁንስ «ምንን? ማንን?» ተብሎ ይጠየቅ፤ ከዐረፍተ ነገሩ ውስጥ መልስ ካገኘ ግሱ ተሻጋሪ ነው።