ጥሬና በቆልት በውርጭ ወራት

ኅዳር 15 ቀን የሚገባው ጾመ ነቢያት በደጋው ሀገር ውርጭ ከሚወድቅበት ወራት ጋር ይገጥማል። በዚህ ጊዜ ጥሬና በቆልት ብቻ የሚቀምሱ መናንያን፣ ማገዶ ያጡ የአብነት ተማሪዎችም አሉ። ሰውነትን ሲያሞቅ የሚያድረው የምግቡ ትኩስነት ሳይሆን ከምግቡ የሚገኘው ኃይል ነው። ስለዚህ ቅጠላ ቅጠል ብቻውን ብርድን አያስችልም፤ የሽምብራ በቆልት ያስፈልጋል፤ ለተማሪዎችም በቀዝቃዛ ውኃ የሚበጠበጥ በሶና ተልባ ይታከል። እህል ሲበቅል በውስጡ ያለው የብረት ማዕድን ለሰውነት ይቀላል፤ ሎሚ ቢጨመርበት ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል። መዘፍዘፊያው ውኃ ንጹሕ ይሁን፤ በየዕለቱም ይለወጥ።

ጓያ ግን በጥሬውም ሆነ በበቆልት አይሰጥ! አዘውትሮ የተመገበውን ሰው እግሩን ሽባ ያደርጋል፤ ሽባነቱም የሚድን አይደለም። የሰበካ ጉባኤያት በስጦታ የሚመጣውን ጥራጥሬ ወደ ጎተራ ከማስገባታቸው በፊት ያስለቅሙት።